የተገለበጠው ሶኬት

የመፈተሻ ክፍሉ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ የቀለጠ ባትሪና የተቃጠለ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አለ። አጠገባቸው ግማሹ የነደደ ጓንት።

ጓንቱ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው የፈታሿ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው ቦርድ ሁሉ መጀመሪያ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ይኼኛው ገና ባትሪው ሲሰካ ነደደ። እትዬ ነፍሳቸው ተርፋ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሁለቱም እጆቻቸው ግን በፋሻ ተጠቅልለዋል። ጣቶቻቸው እንደ ድሮው ይታዘዙ እንደሆነ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም።

መርማሪው ወፈር ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው። ስለ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቀው ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ብቻ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ አያፍርም።

"ጥፋተኛዋ ተለይታለች" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ሚጣ ናት። የባትሪው ሶኬት ላይብረሪው ውስጥ ተገልብጦ ተገኝቷል። የተገለበጠውም በእሷ ኮምፒውተር፣ በእሷ ስም። ነገ ትሰናበታለች። ክሱ የእናንተ ነው።"

"ላይብረሪ ሲሉ የመጻሕፍቱን?"

"የሥዕል ነው እንጂ። ቦርድ የምንነድፈው በኮምፒውተር ነው። እያንዳንዱ ዕቃ አንዴ ይሳላል፤ እግሮቹ ቦርዱ ላይ የት እንደሚያርፉ፣ ፕላሱ የትኛው፣ ማይነሱ የትኛው እንደሆነ። ከዚያ ሁሉም ከዚያው እየወሰደ ይሠራል።"

"የጋራ ድስት ነዋ።"

"እንደዚያ ይበሉት።"

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። እዚያው ቦርድ ላይ ዕቃ የሚበይደው ታላቅ ወንድሟ ሲጠራት ሰምተው ሁሉም ለመዱት። ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

"ሶኬቱን ማን ሳለው?"

"እኔ።"

"ገልብጠሽ?"

"ልክ አድርጌ ነው የሳልኩት። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ማን ገለበጠው?"

"አላውቅም። የቦርዱን ንድፍ ወደ ፋብሪካ ከመላኬ በፊት ከላይብረሪው አደስኩት፤ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ላይብረሪው ውስጥ የተለወጠ ነገር ካለ አብሮ ይገባል። መልሼ አላየሁም። የሳልኩትን የሚነካ አለ ብዬ አላሰብኩማ።"

"ኮምፒውተርሽን ማን ሊያገኘው ይችላል?"

"ምሳ ስወጣ ክፍት ትቼው ነው የምወጣው።"

እንግዲህ ምሳ የማይወጣ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ ማለት ነው። መርማሪው ተነፈሰና ተነሣ።

ሎጋው የሚሉት ሌላ ነዳፊ አለ። ላይብረሪውን የመጠበቁ ሥራ ለሚጣ ከተሰጠ ወዲህ አኩርፏል፤ ይኼን ለመርማሪው ሹክ ያላለው ሰው የለም።

"ቂም ይዘህባታል አሉ።"

"ይዣለሁ" አለ ሎጋው።

"ነካኸው?"

ሎጋው ስክሪኑን ወደ መርማሪው አዞረው። "ላበላሽ ብፈልግ ሁለት ቁጥር አቀያይሬ ውልቅ እል ነበር። ይኼ ሰው ግን ስድስቱንም እግር እንደገና ስሏቸዋል። እየለካ። ትንሿን የፕላስ ምልክት ሳይቀር አዲሱ ቦታዋ ላይ አስተካክሎ አስቀምጧታል። ለተንኮል እንዲህ የሚለፋ አለ?"

መርማሪው ሥዕሉን አፍጥጦ አየው። ምንም አልገባውም። የሥራው ጥንቃቄ ግን ገባው። በሥራ ዘመኑ ያየው ተንኮል ሁሉ ችኩል ነበር፤ ይኼ ግን ጊዜ ተወስዶበታል። የታረመ ነገር ነው የሚመስለው። ችግሩ፣ የታረመው ልክ የነበረው መሆኑ ነው።

"ልክ የሆነ ነገር እንዴት ተገልብጦ ይታያል?"

"ወይ በመስታወት ሲያዩት" አለ ሎጋው እየሳቀ፣ "ወይ ከጀርባ።"

መርማሪው አልሳቀም። ሚጣን አስከትሎ ወደ ብየዳ ክፍል ሄደ።

እዚያ ቦርዶቹ ሁሉ በፊታቸው ተደፍተዋል፤ የሚበየዱት በእግራቸው በኩል ነው። ወንድም ጋሼ፣ ሚጣ ታላቅ ወንድሟን የምትጠራው እንዲህ ነው፣ የማጉያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ተነሣ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ እንዳጣ ፊቱ ይናገራል።

"እስቲ አንድ ነገር አስተምረኝ" አለው መርማሪው፣ ከኪሱ አዲስ ሶኬት አውጥቶ እየሰጠው። "አንደኛው እግር የትኛው ነው?"

ወንድም ጋሼ ተቀበለው። ሳያስብ እግሮቹን ወደ ዓይኑ አዞረ፤ ስንት ዓመት እንደዚያ ነው የያዘው። "ይኼ፣ በግራ ያለው" አለና ጣቱን አሳረፈበት።

"ኮምፒውተሩ ላይ ግን ከላይ ነው የሚታየው አሉኝ።"

ጣቱ እዚያው ቀረ። ሶኬቱን ቀስ ብሎ ገለበጠው፤ በግራ የነበረው በቀኝ ሆነ። መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ምሳ ሰዓት ላይ ሥዕሉን አየሁት። የተሳሳተች መሰለኝ። አሠራሩን ከእሷ አይቼ አውቃለሁ፤ አረምኩላት።"

"ሰው ተቃጥሎ ለምን ዝም አልክ?"

"ሶኬቱ ተገልብጧል ሲባል፣ ቦርዱ እኔ ከማረሜ በፊት፣ ከነስህተቷ የሄደ መሰለኝ። አዎ፣ ተገልብጦ አይቻለሁ ብዬ ልመስክርባት? በአፌ ላሳስራት?"

ሚጣ በሩ ላይ ቆማለች። "ወንድም ጋሼ" አለች፣ "ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ምን ብዬ? የቤት ሥራሽን ስትተኚ እያረምኩልሽ አይደል ያደግሽው? መቼ ጠይቄሽ አውቃለሁ?"

ሚጣን አሳዘናት፤ ተናደደችም።

"አንዳንዴ ልክ የነበረውን ነበር የምታርመው። መምህሯ ኤክስ ታደርግብኝ ነበር።"

"አልነገርሽኝም።"

"እንዳይከፋህ ብዬ ነዋ።"

መርማሪው ሶኬቱን ተቀብሎ ወደ ኪሱ መለሰ። "ጣቢያ መጥተህ ቃልህን ትሰጣለህ። ክፋት እንዳልነበረበት እኔም እጽፋለሁ። የእትዬን ጣት ግን ጽፌ አልመልሰውም።"

"መጀመሪያ እሳቸው ጋ ልሂድ።"

"እኔም እሄዳለሁ" አለች ሚጣ። "መልሼ ሳላይ የላክሁት እኔ ነኝ።"

የሆስፒታሉን ኮሪደር ጎን ለጎን ሄደው ጨረሱት። የእትዬ ክፍል በር ጋ ሲደርሱ ወንድም ጋሼ እጀታውን ይዞ ቆመ። ወደ እህቱ ዞረ።

"ሚጣ፣ ምን ብዬ ልጀምርላቸው?"

"እኔ ነኝ ብለህ ጀምር" አለችው።

አብረው ገቡ።