ከብቶቹ የላሱት ሐኪም

የእንስሳት ሐኪሙ በቄራው በረት ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። መርማሪዋን «በሬ ረግጦት ነው» ብለው ጠሯት። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከሟቾች በቀር የሚያዋያት ያለ አይመስላትም። የዚህኛው ሟች ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ማንም አልደወለለትም።

ማጅራቱ ተፈንክቷል። ጀርባው በእበት ተለውሷል፤ የጫማው ሶል ግን ንጹህ ነው።

«መጀመሪያ ማን አየው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ቀኝ እጃቸው ሽባ የሆነው ሽማግሌ ከብት ጠባቂ። «ጠዋት ስገባ ትልቁ በሬ ፀጉሩን ይልሰዋል። አዝኖለት መሰለኝ። ለነሱ ብሎ አይደል የደከመው?»

እውነታቸውን ነው። ከብት ውሃና እረፍት ሳያገኝ እንዳይታረድ የሚያስገድደውን አገር አቀፍ ደንብ ያረቀቀው ሐኪሙ ነው፤ ዛሬ ለምክር ቤት ሊያቀርበው ነበር።

የቄራው ሥራ አስኪያጅ አልሸሸገም። «ደንቡ ከጸደቀ በረቱን አፍርሼ መሥራቴ ነው። አልወደድኩትም። ግን ትናንት ከተማ ስብሰባ ላይ ውዬ እዚያው አደርኩ፤ ስንት ሰው አይቶኛል።»

ትናንት ከሐኪሙ ጋር ወደ ቄራው የመጣው የሐኪሙ ምክትል ዓይኑን አበሰ። «እኔ ከቄራው ቢሮ አልወጣሁም። ‹በረቱን ልይ› ብሎኝ ሄደ፤ ሲቀርብኝ ቤቱ የገባ መሰለኝ።»

መርማሪዋ አቀርቅራ ሰማችው። በቆዳ ጫማው ዙሪያ ነጭ መስመር ደርቋል።

የሟቹን ፀጉር ዳሰሰች፤ ሻካራ ነገር ጣቷ ላይ ቀረ። ከዚያ ሦስቱንም ጨው እንደ አሸዋ ወደተቆለለበት የቆዳ ማከማቻ ጠራቻቸው።

«በሬ አዝኖ አይልስም፣ አባባ። ጨው ሲያገኝ ነው። የሟቹ ፀጉር ውስጥ ይኸው ጨው አለ፤ የወደቀው እዚህ ነው። በእግሩ በረት ገብቶ ቢሆን ጫማውን እበት በነካው ነበር፤ ተጎትቶ ነው። እርስዎ በአንድ እጅ ሬሳ አይጎትቱም። ሥራ አስኪያጁ ከተማ ነበር።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ከቢሮ አልወጣሁም ያልከው አንተ፣ እርጥብ ጨው የት ረገጥክ?»

ምክትሉ ጫማውን አየ።

«ላይ ያሉት ጠንካራ ደንብ አይወዱም ብዬ የቁጥጥሩን አንቀጽ ከረቂቁ በድብቅ ሰረዝኩት። ነቃብኝ። ‹ነገ ምክር ቤቱ ፊት አጋልጥሃለሁ› ሲለኝ ገፋሁት። እዚህ ባለው የቆዳ መመዘኛ ብረት ላይ በማጅራቱ ወደቀ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ።

«ሬሳውን ማን ይረከባል?» አለች መርማሪዋ።

«ዘመድ የለውም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ አለሁ» አሉ ሽማግሌው።

«እኔም እመጣለሁ» አለች።

«ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል፣ ልጄ።»

ሥራ አስኪያጁ ቆቡን አወለቀ። «ሦስተኛው እኔ ልሁን።»

ሦስቱም አራተኛውን ፍለጋ ወደ በሩ ዞሩ። ማንም አልነበረም።