ታየ እንጂ አልተነካም

ሱሪው ባንኮኒው ላይ ተዘረጋ።

«አሳጥሩልኝ። ለሐሙስ ይድረስ» አለ ሰውየው።

ልብስ ሰፊዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። ሱሪውን አዩ። ሰውየውን አዩ።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ልክዎ ነው። ምኑን ነው የማሳጥረው? ቁምጣ ሊያደርጉት ነው?»

ጥግ ላይ ኮምፒውተር የሚጎረጉረው ጎልማሳ ቀና አላለም። ማላብ ግን ጀመረ።

«ይስጡኝ እማማ፣ እኔ ምልክት ላድርግበት» ብሎ ተነሳ። ሱሪውን ሲያጥፍ ጣቱ የኋላ ኪስ ውስጥ ገብቶ ወጣ።

ወረቀቷ መዳፉ ውስጥ ናት።

ሰውየው ወጥቶ ሄደ። «አጎት» ይሉታል፤ የማንም አጎት አይደለም። ጎልማሳው ደግሞ በስለላ አለቆቹ ዘንድ «እንግዳ» ነው። በዚህ ቤት ግን የጓሮዋን ክፍል የተከራየ፣ ለሰዎች የኢንተርኔት ማስታወቂያ እየሠራ የሚኖር ምስኪን ተከራይ ነው። እማማ «ልጄ» ይሉታል። ይሄኛው የሽፋን ስም አይደለም። ራሳቸው ናቸው ያወጡለት።

ክፍሉ ገብቶ ወረቀቷን አነበበ። «ወፉ ለምን አይነካም? ትዕግሥታችን አልቋል።» አኝኮ ዋጣት።

ወፉ የእማማ አንድያ ልጅ ነው። የማስታወቂያ ባለሙያ ነበር። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ባለመጋዘኑ የሚባል መድኃኒት አስመጪ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ቀኑን እየፋቀ እንደሚሸጥ ደረሰበት። ማስረጃውን ይዞ ጠፋ። ለእናቱ እንኳ አይደውልም፤ ስልካቸው እንደሚጠለፍ ያውቃል።

«ባለመጋዘኑ ቀድሞ ካገኘው ይገድለዋል። እኛ ካገኘነው ምስክር ይሆናል» ነበር ያለው አጎት። እንግዳ አመነው። ማመን ይቀለዋል፤ ደሞዙም፣ እንቅልፉም እዚያ እምነት ላይ ነው የተንጠለጠሉት።

ወጥመዱ ቀላል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሱቁን «ልብስ ስፌቱ» ይለዋል። ልጁ ብቻ፣ ገና አፉን ሲፈታ፣ በስፌት መኪናው ድምፅ «ቀጭቀጭ ቤት» ብሎት ነበር። ይህን የነገሩት እማማ ራሳቸው ናቸው፤ እየሳቁ፣ ቁልፍ እየተከሉ። እንግዳም አብሮ ሳቀ። ማታውኑ ለሱቁ ማስታወቂያ ገዛ። አንድ ሰው መፈለጊያው ላይ «ቀጭቀጭ ቤት» ብሎ ከጻፈ ብቻ የሚወጣ።

በዓለም ላይ ይህን የሚጽፍ አንድ ሰው ነው።

እሱም ጻፈ። በየጥቂት ቀኑ፣ ናፍቆቱ ሲያይልበት ይሆናል፣ ከድንበር ማዶ ካለች ከተማ ይጽፋል። ማስታወቂያው ይወጣለታል። የማስታወቂያው መቁጠሪያ ሰሌዳ ላይ ግን ሁልጊዜ ያው ነው።

ታየ፦ አንድ። ተነካ፦ ዜሮ።

መታየት ቢበዛ ከተማውን ይናገራል። መነካት ግን ደጃፉን። የነካ ሰው ድረ ገጹ ውስጥ ይገባል፤ ድረ ገጹ ደግሞ የእንግዳ ነው። ታዲያ ይሄ ልጅ የእናቱን ሱቅ አይቶ፣ ገብቶ እንኳ ሳያይ እንዴት ያልፋል?

መልሱን የሰጡት እማማ ናቸው፤ ሳያውቁት።

«እስቲ ይሄ ማስታወቂያህን አስረዳኝ። ሰው ሲያየው በነፃ፣ ሲነካው ግን እኔ ነኝ የምከፍለው?»

«አዎ እማማ። ባይገዛም ይከፈላል።»

«ወቸ ጉድ! ጨርቄን ዳብሶ ዳብሶ ሳይገዛ የሚሄድ ደንበኛ እኮ ድሮም አለኝ። እሱን በነፃ ነው የማስተናግደው። አሁን ጭራሽ ልክፈልለት?»

እንግዳ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

ልጁ የሙያው ሰው ነው። እያንዳንዷ ንክኪ ከማን ኪስ እንደምትወጣ ያውቃል። እናቱን ላለማስከፈል ነው የማይነካው። ማዶ ሆኖ፣ ስማቸውን አይቶ፣ እጁን ይሰበስባል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። ሰው ቢሆን ኖሮ ያቆም ነበር።

አላቆመም። በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና የማስታወቂያውን ቃል አጠፋው። አዲስ ጻፈ። «ሱቁ ተዘግቷል። ልብስ ሰፊዋ አርፈዋል። ልብስ የሰጣችሁ መጥታችሁ ውሰዱ።»

እማማ አጠገቡ ነበሩ። ክር በጥርሳቸው በጠስ አደረጉ።

«ምን እየጻፍክ ነው ልጄ?»

«ስለ ሱቁ ነው እማማ።»

«በል አሳምረህ ጻፍልኝ።»

ፊቱ እስከ ጆሮው ነደደ። ላከው።

ቀትር ላይ ሰሌዳው ተንቀሳቀሰ። ታየ፦ አንድ። ተነካ፦ አንድ።

ከዚያ ደግሞ ተነካ። ደግሞ ተነካ። ለእናቱ የሳሳው ልጅ አሁን እጁን የሚሰበስብላት ሰው የለውም፤ ደጋግሞ ይነካዋል። እንግዳ ማየት አቃተው። ስክሪኑን አጥፍቶ ወደ ጎዳና ወጣና ደወለ።

«ነክቷል። ደጃፉን አግኝቼዋለሁ።»

«ተወው። አሁን ራሱ ይመጣል። እናቱ ሞታ የሚቀር ልጅ የለም።»

«ምስክርነቱን የሚሰጠው የት ነው?»

«የምን ምስክርነት?» አለ አጎት። ስልኩ ተዘጋ።

ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ምናልባት ቀልዱን ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሞከረ። በሦስተኛው ቀን ከሱቁ ፊት ለፊት ነጭ መኪና ቆመ። አጎት ከፊት ተቀምጧል። መሪው ላይ ያለውን ሰው እንግዳ ከፎቶ ያውቀዋል። የባለመጋዘኑ ሾፌር ነው።

ተሸጧል። ልጁም፣ እሱም።

ሮጦ ገባ። የልጁ ስልክ ቁጥር የለውም፤ አድራሻ ቢኖረውም ልጁ መንገድ ላይ ነው። አንድ በር ብቻ ቀርቷል። ማስታወቂያው። ንባብ በነፃ ነው!

ፈጥኖ ጻፈ። «ወንድሜ አትምጣ። እናትህ በሕይወት አሉ። የባለመጋዘኑ ሰዎች በሩ ላይ ይጠብቁሃል።»

ላከ።

«ማስታወቂያዎ በግምገማ ላይ ነው» አለው ሰሌዳው።

«አንተ ምን ሆነሃል? ላብህ እኮ ይንቆረቆራል» አሉ እማማ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ።

«ሙቀት ነው እማማ።»

በግምገማ ላይ ነው።

ነጩ መኪና አልተነቃነቀም።

በግምገማ ላይ ነው።

ጸደቀ።

ዓይኑን ሰሌዳው ላይ ተከለ። ቁጥሩ ዘለለ። ታየ፦ አንድ። ተነካ፦ ዜሮ። «ተመስገን!» ብሎ ጮኸ፤ እማማ ደነገጡ። አንብቦታል። አሁን ይመለሳል። ከዚያ ዝቅ ብሎ የታየበትን ቦታ አነበበ።

ከዚሁ ከተማ።

የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። የቤቱን ጓሮ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚገፋው በር ነው። አቧራ የለበሰ፣ ጢሙ ያደገ፣ ቦርሳ ያነገተ ወጣት ገባ።

የስፌት መኪናው ቆመ።

እማማ አልጮሁም። ተነሱ፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን ዳበሱ። «ከሳህብኝ። አንተ ክፉ፣ ስልክ እንኳ ይጠፋል? ከሳህ እኮ!» እያሉ መለስ ብለው ያቅፉታል። ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ እንግዳን አየው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለ በቀስታ።

«ሁለቱንም» አለ እንግዳ።

«ሁለተኛውን እዚሁ መንገዱ ጥግ ቆሜ አነበብኩት። አልነካሁትም፤ ታስከፍላታለህ።»

«ታዲያ ለምን ገባህ?»

«በመስኮት አየኋት። ካየኋት በኋላ እግሬ እንዴት ይመለስ?»

የፊት በር ተከፈተ።

አጎት ነው። ከኋላው ሁለት ጎረምሶች። በጓሮም አንድ።

«ፖሊስ ነን፣ እናቴ። ለጥቂት ጥያቄ ነው» አለ አጎት፣ ከትሕትናው ቅቤ እየተንጠባጠበ። የልጁን ቦርሳ ወሰደ፤ ውስጡን አየ፤ ፈገግ አለ። ማስረጃው ነበር።

እንግዳ መሐል ወለል ላይ ቆሟል። ሊያንቀው ይችል ነበር። ጎረቤት መጥራት ይችል ነበር። ቢያንስ «ፖሊስ አይደሉም!» ማለት ይችል ነበር። ሁለቱ እጆቹ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥለው ቀሩ። ፈራ። ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አጎት ሲያልፍ ትከሻውን ቸብ አደረገው። የጎበዝ ሠራተኛ ቸብታ። ልጁ አየ። ሁሉም ነገር የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ፊቱ ላይ አለፈ። አንድ ቃል ቢናገር እንግዳ እዚያው በእማማ ፊት ያልቅለት ነበር።

አልተናገረም።

«እማዬ፣ ቶሎ እመለሳለሁ። ይሄ ልጅ አለልሽ አይደል?» አለ። ከዚያ ወደ እንግዳ ዞሮ፣ ረጋ ብሎ፣ «እናቴን አደራ» አለው።

አደራ። ከስድብ የከፋ ነበር። ወሰዱት።

እማማ እስኪመሽ በሩን እያዩ ተቀመጡ። አላለቀሱም። መጨረሻ ላይ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉና ጠሩት።

«ና እስቲ ቁም። ያ የጀመርኩልህ ኮት እጅጌው ቀርቷል። እጄ ሥራ ካልያዘ አብዳለሁ። እሱ እስኪመጣ አንተ ቀረህልኝ።»

ቆመ። እጁን ዘረጋ። ሜትሩን ክንዱ ላይ አሳረፉ። መናገር ፈለገ። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኩዎት» የሚል ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ዋጠው፤ እንደ ወረቀቷ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። «ተልዕኮ ተጠናቋል። ውጣ።»

«እማማ፣ ክር ላምጣ» አለ።

«ጥቁር ይሁን። ቶሎ ና፣ ራት አለ።»

አልተመለሰም።

አሁን ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ስለ ልጁ የሰማው ነገር የለም፤ የባለመጋዘኑ መድኃኒት ግን በየፋርማሲው አለ። ደንበኞች «አንተ ልጅ» ይሉታል፤ ማንም ፊቱን አያስታውስም። አንድ ከሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቃል ጻፈ። ቀጭቀጭ ቤት።

ማስታወቂያው ወጣ። ቃሉ የእሱ አልነበረም።

«ኮትህ አልቋል። መጥተህ ውሰድ።»

አንድ ቀን እማማን ማስታወቂያ መጻፍ አስተምሯቸው ነበር፤ መነጽራቸውን አጥብቀው፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየለቀሙ ስማቸውን ጽፈዋል። እሳቸው ይሆናሉ። ግን የይለፍ ቃሉን አጎትም ያውቃል፤ አጎት ደግሞ ብዙ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር አይወድም። የእናት ጥሪ ይሁን የአዳኝ፣ ከዚህ ሆኖ መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለውን ነገር ለዓለም ያስተማረው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ጣቱ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ቆየ።

«ባስከፍላቸው ነውር ነው» አለ ለራሱ።

ውሸቱን ነው። ልጁ ያልነካው ሳስቶ ነበር፤ እሱ ያልነካው ፈርቶ ነው። ገጹን ዘጋው።

ማዶ፣ ምናልባት አንዲት ሴት መነጽራቸውን አውርደው ሰሌዳውን እያነበቡ ይሆናል። ታየ፦ አንድ። ተነካ፦ ዜሮ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን በሁለት ኮፒ» አለው አንድ ደንበኛ።

«እሺ» አለና ወረቀቱን ተቀበለ።