በሩን አትክፈቺ

«በሩን አትክፈቺ ብላሽ የለም እንዴ?» አለ ወንድሟ።

ብላታለች። እናቷ ጠዋት አባቷን ሐኪም ቤት ይዛ ስትወጣ፣ ጫማዋን እያሰረች ደጋግማ የተናገረችው እሱኑ ነው። «ጫጩቶቹ ቅርፊቱን መስበር ከጀመሩ መፈልፈያው አይከፈትም። በመስታወቱ እያየሽ ጠብቂ፣ በቃ።» እስከ ዛሬ ማሽኑን የሚጠብቀው ወንድሟ ነበር። እሷማ የተጣደ ወተት እንኳ መጠበቅ አትችልም ይሏታል። ቤት ውስጥ ስሟ «ቁንጫ» ነው።

ቁንጫ ግን ከፍታዋለች። የመጀመሪያዋ ጫጩት ስትወጣ መስታወቱ ላይ ያለው ላብ ፎቶውን አደበዘዘባት። ለጓደኛዋ ጥርት ያለ ፎቶ ለመላክ ብላ በሩን ከፍታ አነሳችና ዘጋች። ጓደኛዋ «ውይ ስታምር! ሌላም ላኪ» ስትላት ደግማ ከፈተች። ምን ይመጣል ብላ።

አሁን መስታወቱ ላይ አንድም የላብ ጠብታ የለም። ከፊት ባለው እንቁላል ውስጥ አንዲት ጫጩት ቅርፊቱን በስታ ምንቃሯን ካወጣች በኋላ ቀጥ ብላለች። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ደርቆ እንደ ወረቀት ተጣብቆባታል። ሌሎቹ ገና መቆርቆር መጀመራቸው ነው። ቁንጫ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ መስኮቱ ጋ ደርሳ ትመለሳለች። ፈርታለች።

«አንዴ ብቻ ከፍቼ በጥፍሬ ላላቅቃት?»

«ጭራሽ ልትፈጂያቸው ነው? ኧረ ቁጭ በይ!»

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«እህ፣ እንዴት ሆኑልሽ?»

«አንዷ ተጣብቃለች፣ እማዬ። መውጣት አቃታት።»

«ምን ነካት? መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ ይሰማ የነበረው ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ብቻ «አዎ በያት» አላት። መብራት እንደሆነ መጥፋቱ አዲስ አይደለም፤ ማን ይጠይቃል?

«አ... አዎ፣ ትንሽ ጠፍቶ ነበር።»

«ወይኔ፣ በርዷቸዋል ማለት ነው! በይ ሙቀቱን ትንሽ ጨምሪላቸው። አባትሽን እየጠሩት ነው፣ ልዝጋ።»

«አየሽ? ተገላገልሽ» አለ ወንድሟ።

ቁንጫ ጣቷን የሙቀቱ ማስተካከያ ላይ አሳረፈች። ግን እኮ አልበረዳቸውም። በሩ ሲከፈት ወጥቶ የጠፋው እርጥበቱ ነው። በደረቁ ላይ ሙቀት ቢጨመርበት ሌሎቹም እንደዚችኛዋ እዚያው ቅርፊታቸው ውስጥ ተጣብቀው ይቀራሉ። እናቷ መድኃኒት ያዘዘችው ላልነበረ በሽታ ነው።

«ልደውልላት ነው» አለች።

«አብደሻል? ሁለተኛ ማሽኑ አጠገብ አታስደርስሽም እኮ!»

እሱን እሷም ታውቃለች። ጣቷን ከማስተካከያው ላይ አንስታ ደወለች።

«እማዬ፣ መብራት አልጠፋም። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ሁለቴ። ለፎቶ ብዬ።»

ከወዲያ በኩል ተራ የሚጠራ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ሙቀቱን ጨመርሽ?»

«አልነካሁትም።»

«እሰይ። ለብ ያለ ውሃ በውጭ በኩል ባለችው ቱቦ አፍስሺ፣ የታችኛው ሳህን ይሙላ። በሩን እንዳትነኪ።»

«የተጣበቀችውስ?»

«እሷን ተያት። ለእሷ ብለሽ ከከፈትሽ ሌሎቹም ያልቃሉ። ስመጣ እንነጋገራለን።»

ብትቆጣት ይሻላት ነበር። የእናቷ ድምፅ ግን የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ውሃውን አፈሰሰች። ቆይቶ የመስታወቱ ጠርዝ ማላብ ጀመረ። ወንድሟ አሳዘነችው መሰል፣ «እኔ ልጠብቅልሽ፣ ወጣ ብለሽ ተናፈሺ» አላት።

«አይሆንም። እኔ ነኝ የምጠብቃቸው።»

ስልኳ ብልጭ አለ። ጓደኛዋ «ሌላ ፎቶስ?» ብላለች። ቁንጫ ስልኩን ለወንድሟ ሰጠችው። ከመስታወቱ ጀርባ ያቺ ምንቃር ተከፍታ ተከደነች። የቁንጫ እጅ ወደ በሩ ተነሳ። መልሳ ሳበችውና ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት።