በሰው ካርድ የተለጠፈ መርፌ

የክሊኒኩ ባለቤት ታመው በተኙበት በገዛ ክሊኒካቸው አልጋ ላይ ሞተው ተገኙ። ሚስታቸው እንባ ሳይቀድማቸው ጣታቸውን ነርሷ ላይ ቀሰሩ።

«ይቺ ናት የገደለችው! ባሌ ሊያባርራት ነበር!»

«እኔን? ሊያባርሩ የነበረው አማችዎን ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

አማቹ እዚያው ክሊኒክ የሚሠራ ዶክተር ነው። «አፍሽን ዝጊ!» ብሎ ጮኸባት። ነርሷ እጅ ላይ ካቴና ገብቷል፤ ቤት ውስጥ ጡት የሚጠባ ልጅ ይጠብቃታል። ወይ ግፍ!

ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ ማንንም አላባበለችም። ኪኒን ብቻ በታዘዘላቸው ሟች ክንድ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አየች። ከአልጋው ሥር የመርፌ ማሸጊያ አገኘች፤ ኮድ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ከማሸጊያው ጠርዝ ጋር ተቀዶ ተልጧል።

«ኮዱ የት ሄደ?»

«ዕቃ የከፈተ ሰው ኮዱን ልጦ የበሽተኛው ካርድ ላይ ይለጥፋል፤ ሂሳብ የሚወጣው በሱ ነው» አለች ነርሷ። «ያልለጠፈ ከደሞዙ ይቆረጥበታል።»

የሟቹ ካርድ ላይ የመርፌ ኮድ አልተለጠፈም። መርማሪዋ ጎረቤት ክፍል ገብታ እግራቸው የተሰበረ ባልቴት ካርድ ገለጠች። ወረቀቱ እዚያ ተለጥፏል፤ ከማሸጊያው ጋር ስታስተያየው ቅዳጁ ልክክ አለ።

«እማማ፣ ዛሬ መርፌ ተወግተዋል?»

«ማን አባቱ ወግቶኝ! ያልወሰድኩትን እየለጠፉ ሊጨርሱኝ ነው እንጂ!»

«ካርድዎን ማን ነካ?»

«ያ ሾካካ ዶክተር ነዋ! ከሱ በቀር ማንም አልነካውም። እንዴት አደሩ እንኳ ሳይለኝ ለጥፎ ውልቅ አለ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ሟቹ ክፍል ሰበሰበች።

«የውጭ ሰው ቢሆን ማሸጊያውን እንዳለ ይጥለው ነበር። ኮድ የሚልጠው የለመደ እጅ ነው። ዶክተር፣ ያልሰጠኸውን ሕክምና በሰው ካርድ እየለጠፍክ ስታስከፍል አማትህ ደረሱብህ። ሊያባርሩህ ሲሉ የሚገድል መርፌ ወጋሃቸው። አንድ መርፌ ጎደለ ተብሎ እንዳይፈለግ ደግሞ፣ እንደ ልማድህ ጎረቤት ላይ ለጠፍከው።»

«የባልቴት ወሬ! ማሸጊያውን እኮ ኪሴ ውስጥ ከትቼው...» አለና ኪሱን ዳበሰ፤ ባዶ ነው።

«አመል ያወጣል ከመሐል» አለች መርማሪዋ። «ገድለህም ሂሳብ አስከፈልክ!»

ካቴናው ከነርሷ እጅ ወጥቶ ዶክተሩ እጅ ላይ ገባ። ሚስትየዋ ወደ ነርሷ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ...»

ነርሷ ጋዋኗን አውልቃ አልጋው ላይ ወረወረችው።

«ይቅርታዎንም በሌላ ሰው ካርድ ይለጥፉት» አለችና ወደ ልጇ ሮጠች።