መሰላሉን የያዘው

ይህ ነገር በእውነት የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ።

የደረሰው በእህቴ ባል በካሱ ላይ ነው፤ በ2007 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ፣ ስሙን በማልጠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀን ሰባት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት።

ካሱ የመማሪያ ክፍል ፕሮጀክተር የሚጠግን ቴክኒሻን ነው። የዚያን ቀን የትልቁ አዳራሽ ፕሮጀክተር ኬብሉ ተበላሽቶ ምስል አላሳይ አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ትምህርት ስለነበር ምሳውን ትቶ ገባ። አብሮት የነበረው ጋሽ ኤርጫፎ ብቻ ነው፤ መሰላል የሚይዝለት አንጋፋ ባልደረባው።

እነዚህ ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው። ኬብል የሚዘረጋው ሰው እስከ ወገቡ ኮርኒሱ ውስጥ ስለሚገባ ታች ያለውን አያይም። ስለዚህ መሰላሉን በጫማው መታ ያደርጋል። የያዘው ሰው በጣቱ ሁለቴ መትቶ ይመልሳል። «አለሁ» ማለት ነው። መልስ ሳይሰማ የሚወርድ የለም። ኦይታ የሚባል ጓደኛቸው ሳይጠብቅ ሲወርድ ወድቆ፣ ወገቡ ተሰብሮ እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ነው።

ካሱ ወጣ። ጨለማው ውስጥ ገባ። በጫማው መታ።

ቋ... ቋ።

ኬብሉን መሳብ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ በሩ በኃይል ሲዘጋ ሰማ። የአባያ ሐይቅ ነፋስ ነው ብሎ ናቀው። እንደገና መታ።

ቋ... ቋ።

አሁን ግን ድምፁ ወደ ላይ የቀረበ መሰለው...

«ጋሼ፣ እየወጡ ነው እንዴ?»

መሰላሉ አልተነቃነቀም። ግን ሽታ መጣ... ጭቃ የነካው የሐይቅ ውሃ ሽታ፤ በዚያ ደረቅ አዳራሽ ውስጥ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ኤርጫፎ ነው።

«ካስዬ፣ እንዳትነቃነቅ! የመብራቱን ብሬከር አለማጥፋታችን ትዝ ቢለኝ ሮጬ ወጣሁ፤ በሩን ነፋስ ዘጋብኝ። ከጥበቃዋ ከልክነሽ ቁልፍ ይዤ እየመጣሁ ነው።»

«ታች... አይደሉም?» ሲል ካሱ አንሾካሾከ።

«በሩ ሲዘጋ አልሰማህም እንዴ?»

ቋ... ቋ።

ተረከዙ ሥር ነው።

ካሱ ሲናገር፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም ይላል። ቢዘል የኦይታ ዕጣ ይጠብቀዋል። ቢቆም ደግሞ... እህቴ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። እሷን አሰበ። መሰላሉን ጨምድዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «በስመ አብ» አለ።

አንድ ቀዝቃዛና እርጥብ ነገር ሆዱን ታክኮ አለፈ።

ወደ ላይ።

ከዚያ በሩ ላይ የቁልፍ ድምፅ።

«ይዤልሃለሁ፣ ውረድ!»

«አልወርድም! መጀመሪያ የልጅዎን ስም ይንገሩኝ።»

«ሻሺቱ ናታ! ምን ሆነሃል አንተ?»

ካሱ ወረደ። ጋሽ ኤርጫፎ ግን እሱን አላየውም፤ ዓይኑ መሰላሉ ላይ ቀርቷል።

በየመርገጫው ላይ እርጥብ የእጅ አሻራ ነበር። ከታችኛው ይጀምራል። የመጨረሻው ካሱ ቆሞበት ከነበረው በላይ ነው።

ወደ ታች የሚመለስ አሻራ የለም።

«በቀትር ውሃ ዳር አትቁሙ ይሉን ነበር አባቶቻችን» አለ ጋሽ ኤርጫፎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህ ግን... ምን ውሃ አለ?»

ካሱ ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ጎተተው። ሲዞር ጫማው ሳያስበው የመሰላሉን እግር መታ።

ኮርኒሱ ውስጥ...

ቋ... ቋ።