ዓይንህ ያየውን ሣል

እንግሊዝኛ አስተማሪዋ አስካለማርያም ሞታ የተገኘችው በጓዳዋ ውስጥ፣ በደረቷ ተደፍታ ነው። ጎረቤቷ ዘሃራ ጠዋት ወተት ልታደርስ መጥታ ከደፉ ላይ አየቻትና ጮኸች እንጂ ወደ ውስጥ እግሯን አላነሣችም። ሻምበል ወልደአማኑኤል ደርሶ ጓዳውን ቆለፈ። የሴት ሬሳ የምታይ ሴት ናት ብሎም የሴት እስረኞችን ጠባቂ የሺወርቅን አስጠራ። የሺወርቅ ፊደል የለየችው ያለ መምህር ነው፤ በመቐለ ፖሊስ ጣቢያም ምላሷን የማይፈራ አልነበረም።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት ሻምበሉ። «ከተማሪዎቿ አንዱ፣ አብዱሰመድ የሚባል የወሎ ጨው ተሸካሚ። ትናንት መጨረሻ ሲወጣ ዘሃራ ያየችው እሱን ነው። መሰቀሉ አይቀርም።»

«ከተያዘማ እኔን ምን አስጠራህ? ለለቅሶ?»

ጓዳው ተከፍቶላት ገባችና በሟቿ ጭንቅላት ጀርባ ያለውን ቁስል አየች። ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ድንጋይ ያደረሰው አይደለም። ቀና ስትል ከግድግዳው የተደገፈ መሰላል አየች። ሦስተኛው እርከን የለም። በሁለቱ ቋሚዎች ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች ገና ነጭ ናቸው።

«እዚህ ከእኔና ከአንተ ሌላ ማን ገባ?»

«ማንም። ቁልፉ ኪሴ ነው።»

ወደ እስር ቤቱ ሄደች። አብዱሰመድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል።

«ትናንት ምን ተማራችሁ?»

«መሰላልን፣ እትዬ። እንግሊዞች ‹ላደር› ይሉታል። እኔ ከጓዳ አወጣሁላት፣ ሁላችን ዳሰስነው፣ መልሼም አስገባሁት።»

«ሙሉ ነበር?»

«ወጥቼበት የለ እንዴ! ሙሉ ነው።» ከኪሱ ከፓስታ ካርቶን የተቆረጡ ካርዶች አወጣ። «ቤታችን ገብተን እንሥለዋለን። በአንድ ካርድ አንድ ነገር፤ በፊቱ ቃሉ፣ በጀርባው ሥዕሉ። አማርኛ መጻፍ ክልክል ነው። ‹ዓይንህ ያየውን በገዛ እጅህ ሣል፣ የሰው ሥዕል ከራስህ አይጣበቅም› ትለናለች። የተሳሳትነው ካርድ ወደ ፊት ይመለሳል፣ የማይጠፋን ከክምሩ ይወጣል።» ካርዶቹን እየዘረጋላት፣ «እትዬ፣ ሰው ሲሰቀል ለእናቱ ይነግሩለታል?» አላት።

የሺወርቅ ካርዶቹን ተቀብላ ወጣች።

ከሦስቱ ተማሪዎች ሁለተኛው፣ ጨርቅ ነጋዴው ጀይሉ፣ ካርዶቹን የሰጣት የጨርቅ መለኪያ ዘንጉን ከእጁ ሳያስቀምጥ ነው። «ወላሂ፣ እሷን የገደለ እጁ ይድረቅ። እኔ ከትምህርቱ በቀጥታ ወደ ሱቄ ነው የመጣሁት፤ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል።»

ሦስተኛው ሥዩም ለጣሊያኖች ሲያስተረጉም የኖረ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው።

«እኔ ከትምህርቱ ወጥቼ፣ ከከተማ ውጭ ቁሓ ሄድኩ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ጓዳዋን ረግጬው አላውቅም።»

«እንግሊዞቹ አስተርጓሚ ፈልገው ነገ ይፈትናሉ ይባላል። አስካለማርያም ከሦስታችሁ ለፈተናው ማንን ልትልክ መረጠች?»

«እኔን ነዋ። ተሸካሚ ትላክ?» ካርዶቹን በኩራት ዘረጋላት። «እንኪ፣ ከእኔ የተሻለ የሚሥል የለም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም፣ ዘሃራም ጭምር፣ በሟቿ ቤት ተሰበሰቡ። አብዱሰመድ እጁ እንደታሰረ መጣ። የሺወርቅ የሦስቱንም የመሰላል ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«የጀይሉ መሰላል ማበጠሪያ ይመስላል።»

«እጄ መቀስ እንጂ እርሳስ አያውቅም፣ እትዬ» አለ ጀይሉ።

«ሆኖም እርከኑ ሙሉ ነው። የአብዱሰመድም ሙሉ ነው። የሥዩም ግን ያምራል፤ ጥላ ሳይቀር አለው። ሦስተኛው እርከን ብቻ የለም።»

«ረስቼው ይሆናላ» አለ ሥዩም።

«እርከን የረሳ ሰው ቀዳዳውን አይሥልም። አንተ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ሥለሃል።» ሻምበሉን ዞር ብላ አየችው። «ክፈተው።»

ጓዳው ተከፈተ። ሁሉም መሰላሉን አዩ።

«በትምህርቱ ሰዓት ሙሉ ነበር፤ ሁላችሁ ዳስሳችሁታል። ዛሬ ጠዋት ከሬሳው አጠገብ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ቁስሏም ልክ እንደ እርከኑ ቀጥ ያለ ነው። ተነቅሎ የተመታችበት እሱ ነው። ዘሃራ፣ አብዱሰመድ ሲወጣ አይተሽ ምን አደረግሽ?»

«ውሃ ልቀዳ ወረድኩ» አለች ዘሃራ።

«ሥዩም የተመለሰው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ጓዳው ከእኔና ከሻምበሉ በቀር ሰው አልገባበትም። ታዲያ እርከን የጎደለውን መሰላል ማን አይቶ ይሥላል? የገደላት።»

ሥዩም ካርዱን ከጠረጴዛው አነሣ።

«ለፈተናው የተሸካሚውን ስም ጻፍኩ አለችኝ» አለ። «እየሣቀች። ማታ ሙሉ አድርጌ ልሥለው ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። የሚመጣብኝ ጓዳው ውስጥ ያየሁት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ካርዱን ለምን አልቀደድከውም?»

«ፈተና ነበረብኛ» አለ ሥዩም።

ይዘውት ወጡ። ሻምበሉ የአብዱሰመድን እጅ እየፈታ ዓይኑን ከየሺወርቅ አሸሸ።

«ነገ ትፈተናለህ» አለችው የሺወርቅ።

«ሬሳዋ ሳይቀበር?»

«ስምህን የጻፈችው በሕይወቷ ነው። ቅበራትና ሂድ።»

አብዱሰመድ ካርዶቹን ሰበሰበ። የራሱን የመሰላል ካርድ ብቻ ለይቶ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

«ይቺ ከክምሩ ትውጣ» አለ። «ከእንግዲህ አትጠፋኝም።»