በሁለት እጅ

አዛውንቱ የእንግሊዝኛ መምህር ከሰሌዳው ፊት ለፊት፣ በወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ሕይወታቸው አልፎ ተገኙ። በኮታቸው እስከ አገጫቸው ድረስ ተሸፍነው ስለ ነበር፣ ሊመሽ ሲል በሮቹን ለመቆለፍ የዞረው የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ያንቀላፉ መስሎት ኮቴውን አጥፍቶ ነበር የቀረባቸው። ኮቱን ሲገልጠው ግን በአንገታቸው ግራና ቀኝ የጣት ምልክት ቀልቶ አየ።

በማግስቱ የታሰረው ያው ዳይሬክተር ነበር።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ በባልደረቦቿ ዘንድ «መርፌ» በመባል ትታወቃለች፤ የተሰወረውን እንደ እሾህ ወግታ ስለምታወጣ ነው። ወደ ክፍሉ ስትገባ የሟቹ ልጅ በአባቷ ባዶ ወንበር አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት። ዓይኖቿ በልቅሶ ብዛት አብጠዋል።

«አባቴን ያነቀውን እጅ ያሳዩኝ» አለች። «ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

መርማሪዋ ክፍሉን በዓይኗ ትቃኝ ጀመር። ትምህርት ቤቱ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ለመቀጠር የሚዘጋጁ ጎልማሶች፣ የሰውን አካል ክፍሎች በእንግሊዝኛ የሚማሩበት ነው። ጠረጴዛው ላይ የሟቹ መነጽር ታጥፎ ተቀምጧል፤ ከጎኑም ከረባታቸው በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። በሰሌዳው ላይ በሟቹ ውብ የእጅ ጽሑፍ «ካሮቲድ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ይነበባል፤ ከሥሩም ፍቺው ሰፍሯል፦ ደምን ወደ አንጎል የሚያደርስ፣ በአንገት ግራና ቀኝ የሚገኝ ቧንቧ። ቀጥሎ አጠቃቀሙን የሚያሳይ ምሳሌ አለ፦ ነርሷ የበሽተኛውን የልብ ትርታ ካሮቲዱ ላይ ፈለገች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ከተማሪዎቹ አንዱን፣ ሾፌሩን ነበር።

«ዳይሬክተሩ ሲዝት ሰምተሃል?»

«እኔ ብቻ? መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል እንጂ! የመምህራችንን አሠራር አስቀርቶ በቴፕ ሊያስተምረን ፈለገ። እምቢ ሲሉት ‹አንገትዎን ይዤ አወጣዎታለሁ!› አላቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹አስቀድመህ ስሙን በእንግሊዝኛ ጥራና ያዘው› አሉት። በሳቅ ልንሞት!» ፈገግ ሊል ሞከረና ፊቱ መልሶ ጠቆረ። «ይኸው፣ መንገድ ላይ ውዬ ጉልበቴ ሲያመኝ እንኳ የሚታወሱኝ እሳቸው ናቸው።» ጉልበት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ እየጠራ ሁለቱን ጉልበቶቹን መታ አደረገ።

«የሚያምህ ሁለቱም ነው?»

«ቀኙ ብቻ ነው፣ እትዬ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። እሳቸው ዘንድ ቃሉን የጠራ አካሉን መንካት አለበት። አንድ ለሆነው አንድ እጅ፣ ጥንድ ለሆነው ሁለት እጅ። አንድ ጆሮውን ብቻ የነካማ ‹ሌላውን ለማን ተውክለት?› ይባላል።»

መርማሪዋ ለጥቂት ጊዜ ጉልበቶቹን ስትመለከት ቆየች።

ቀጥላ የሕክምናውን ክፍል ለማስረዳት አልፎ አልፎ ወደ ትምህርት ቤቱ የምትመጣውን ነርስ ጠየቀቻት።

«ሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል አስተምረሻቸዋል?»

«ገና ነው። እሱን እኔ መጥቼ ላሳያቸው ነበር ቀጠሯችን። ማን ጻፈው?»

በመጨረሻ ልጅቱን አስቀመጠቻት።

«ከትምህርት በኋላ አንቺና አባትሽ ብቻችሁን ቀራችሁ?»

«አዎ። እኔም ተማሪያቸው ነኝ፤ ፈተናው ስለ ደረሰብኝ ያልደረስንበትን እያስቀደሙ ያስጠኑኝ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባዬ ካስጠኑኝ በኋላ ሸለብ ያደርጋቸዋል።»

«ኮቱንስ?»

«እንዳይንሸራተት ሁለቱን እጅጌዎች በጀርባቸው አዙሬ፣ ከወንበሩ ጋር ቋጥሬ አለበስኳቸው። እንዳላነቃቸው በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ያ የታሰረው ሰው የገባው እኔ ስወጣ ነው። ጥቂት ብቆይ ምን ነበረበት!»

መርማሪዋ ወደ መተላለፊያው ወጥታ አስከሬኑን ለመረመረው ሐኪም ስልክ ደወለች። መልሱን ሰምታ ስልኩን ዘጋች። ዝም ብትል የሚያስገድዳት አልነበረም። ነገር ግን እስር ቤት የተቀመጠ ሰው አለ። ተመልሳ ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ የአባትሽ ሞት የማንም ክፋት የሌለበት ነው ብዬ ብዘጋው ይበቃሻል?»

«አይበቃኝም። እጅ አርፎባቸዋል። የማን እንደ ሆነ ሳላውቅ አልቀብራቸውም።»

በነጋታው ጠዋት መርማሪዋ ያነጋገረቻቸው ሁሉ በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሩ በካቴና ታስሮ፣ ከፖሊስ ጋር መጣ። ልጅቱ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«በከረባቱ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ከአንገታቸው ያወለቁት ራሳቸው ሟቹ ናቸው፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ላይ ያለው የጠመኔ ምልክት የራሳቸው ጣት ያሳረፈው ነው። ሊያንቅ የመጣ ሰው ከረባት እስኪጠቀለል አይጠብቅም። አንገታቸውን የከፈቱት ለሚያምኑት ሰው ነው።»

ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ኮቱን ስትገልጥ እጅጌዎቹ የት ነበሩ?»

«ከወንበሩ ጀርባ ተቋጥረው ነበር። ሳልፈታቸው ኮቱን ከአንገታቸው ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም።»

«እንግዲያው ኮቱ ከተደረበላቸው በኋላ አንገታቸውን የነካ የለም። ምልክቱ የመጣው ከኮቱ በፊት ነው።»

ልጅቱ ግንባሯን ቋጠረች፤ ነገሩ ገና አልገባትም።

«ሐኪሙ እንደ ነገረኝ ጉሮሯቸው አልተጎዳም፤ ትንፋሽም አላጠራቸውም። የቆመው ልባቸው ነው። አሁን መምህራችሁ እንዳስተማሯችሁ አድርጉልኝ።» በእንግሊዝኛ ጆሮ አለች። ሁሉም ሁለት ጆሮዎቻቸውን ያዙ። አፍንጫ አለች። አንድ አንድ እጅ ተነሣ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል ጠራች።

የሾፌሩ ሁለት እጆች ወደ አንገቱ ሄዱ። የልጅቱም ሄዱ።

«ተዉ!» ስትል ነርሷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «እሱ በሁለት እጅ አይነካም! በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሁለቱን ባንዴ የተጫኑት እንደሆነ፣ በተለይ የሽማግሌ ሰው ልብ ሊቆም...»

ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የልጅቱ ጣቶች አንገቷ ግራና ቀኝ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጣቴ ሥር ይመታ ነበር» አለች በቀስታ። «‹ጠበቅ አድርጊ፤ ገና አላገኘሽውም› አሉኝ። ጠበቅ አደረግኩ። ከዚያ... ‹አባዬ፣ ጠፋብኝ› አልኳቸው። አልመለሱልኝም። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ።»

«ያስተማሩሽን ነው ያደረግሽው» አለች መርማሪዋ። «እሳቸውም የሚያውቁትን ነው ያስተማሩሽ። እዚህ ወንጀል የለም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ዳይሬክተሩ ነጻ የወጡ እጆቹን እያሻሸ ወደ በሩ አልሄደም። በልጅቱ ፊት ቆመና የአባቷን መነጽር ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አቧራውን በሸሚዙ ጠርጎ በቦታው መለሰው።

ልጅቱ እጆቿን ከአንገቷ አወረደቻቸው፤ የት እንደምታሳርፋቸው ግን አላወቀችም። ከጭኗ አነሣቻቸው፣ ከጠረጴዛው አሸሸቻቸው፣ በአየር ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ትኩር ብላ ተመለከተቻቸው።

«ያሳዩኝ ብዬዎት ነበር» አለች።

መርማሪዋ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች። እጇን ዘርግታ የልጅቱን አንድ እጅ ያዘች። ሌላው ብቻውን በአየር ላይ እንደ ቀረ አየችና እሱንም ያዘችው።